ቡና በአበባው እንዳይሸጥ፦ የሕመም ወጪና የጤና መድኅን ታሪክ በጌዴኦ

መግቢያ

እንደሚታወቀው የጌዴኦ አርሶ አደር የዓመት ገቢው በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ውስጥ ይጠቃለላል። በእነዚህ ወራት ቀይ እሸት ቡና ይለቀማል፣ የቡና መፈልፈያ ጣቢያዎች ሌሊትና ቀን ይሠራሉ፣ ገበያው ይደምቃል፣ ሠርግ ይደገሳል፣ ዕዳ ይከፈላል። ሕመም ግን የቡና ወቅት አይጠብቅም። እንዲያውም እጅ ባዶ በሆነበት በክረምት ወራትና ከክረምቱ መውጫ በኋላ ወባ በሚበረታበት ጊዜ ይበልጥ ይመጣል።

ጪጩ ከዲላ ከተማ ወደ ወናጎና ይርጋ ጨፌ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ፣ በዲላ ዙሪያ ወረዳ የምትገኝ ሥፍራ ናት። ከጪጩ ለተነሣ ሕመምተኛ በዲላ ያለው ሆስፒታል በኪሎ ሜትር ሲለካ ሩቅ አይደለም። በገንዘብ ሲለካ ግን ለብዙ ቤተሰቦች ለረጅም ዘመን ሩቅ ሆኖ ኖሯል። ለዚህ ነው በአካባቢው «ታሞ መዳን» ብቻውን የተሟላ ደስታ የማይሆነው። ሕመምተኛው አልጋውን ለቆ ሲነሣ ዕዳው ደጅ ላይ ቆሞ ይጠብቀዋልና።

ይህ ጽሑፍ የጌዴኦ አርሶ አደር የሕመምን ወጪ በየዘመኑ እንዴት ሲቋቋም እንደኖረ፣ የጤና መድኅን አሠራር ወደ አገራችን እንዴት እንደገባ፣ እንዲሁም የኅብረት ሥራ ማኅበራት በዚህ ረገድ ምን ድርሻ ሊኖራቸው እንደሚችል በአጭሩ ይዳስሳል።

ከመድኅን በፊት የነበረው መድኅን

መድኅን የሚለው ቃል ለብዙዎች አዲስ ቢመስልም አሳቡ ግን አዲስ አይደለም። የጌዴኦ የመጀመሪያው መድኅን እንሰት ነው። እንሰት ለመድረስ ዓመታት የሚፈጅ ተክል በመሆኑ በጓሮ የቆመ እንሰት በባንክ እንደተቀመጠ ገንዘብ ይቆጠራል። ዝናብ ሲዛባም ሆነ የቡና ዋጋ ሲወድቅ ቤተሰቡ ቆጮውንና ቡላውን ይዞ ክፉ ቀን ያልፋል። በ2016 ዓ.ም. መግቢያ ላይ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር የቆመው በዚሁ በእንሰት፣ በቡናና በትልልቅ ዛፎች ቅንጅት ላይ ነው።

ይሁን እንጂ እንሰት ከረሃብ ያድናል እንጂ የመርፌና የቀዶ ሕክምና ዋጋ አይከፍልም። አስቸኳይ ጥሬ ገንዘብ ሲያስፈልግ ያልደረሰ እንሰት ተነቅሎ ይፋቃል፣ በግ ወይም ላም ይሸጣል፣ የባሕር ዛፍ ይቆረጣል። ያልደረሰ እንሰት የነቀለ ቤተሰብ የሚቀጥሉትን ዓመታት ምግብ ቀድሞ እንደበላ ይቆጠራል።

ሁለተኛው መድኅን ሰው ነው። አንድ የቤተሰብ ራስ ሲታመም ጎረቤት በደቦ ወጥቶ ማሳውን ያርምለታል፣ ቡናውን ይለቅምለታል። መኪና በማይገባበት ቀበሌ የዕድር አባላት ሕመምተኛውን በቃሬዛ ተሸክመው እስከ ዋናው መንገድ ያወርዳሉ። የጸሎት ቤት ምዕመናን ገንዘብ አዋጥተው ይጠይቃሉ። ሽማግሌዎች በሶንጎ ተቀምጠው የተቸገረው እንዲረዳ ይመክራሉ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ተረት በዚህ አካባቢ በየዕለቱ በሥራ ሲተረጎም የኖረ ነው።

ከሁሉ የጠነከረው ማኅበር ዕድር ነው። ዕድር መዋጮ በወቅቱ ይሰበስባል፣ መዝገብ ይይዛል፣ የቀረን ይቀጣል፣ ድንኳንና ዕቃ ያስቀምጣል። የአገራችን አርሶ አደር «ዛሬ ሳልቸገር እከፍላለሁ፣ ነገ ስቸገር ማኅበሩ ይደርስልኛል» የሚለውን የመድኅን መሠረተ አሳብ የተማረው ከውጭ አገር ባለሙያ ሳይሆን ከዕድር ነው። ሆኖም በዕድር ውስጥ አንድ ትልቅ ክፍተት ነበር። ዕድር በመሠረቱ የሞተን ይቀብራል እንጂ የታመመን አያሳክምም። አንድ አባል ለሃያ ዓመት ሲያዋጣ ኖሮ ሲታመም ለመድኃኒት መግዣ አጥቶ ሊሞት ይችላል፤ በሞተ ማግሥት ግን የዕድሩ ገንዘብ ሳይጓደል ይወጣል። አንዳንድ ዕድሮች ለታመመ አባል ብድር መስጠት ቢጀምሩም የአንድ መንደር ዕድር ሣጥን የአንድ ሰው የቀዶ ሕክምና ወጪ እንኳን ለመሸፈን አቅም የለውም።

ቡና በአበባው ሲሸጥ

የዘመድና የዕድር አቅም ሲያልቅ የሚቀረው መንገድ ቡናን ሳይደርስ መሸጥ ነው። በየካቲትና በመጋቢት ዝናብ ቡናው ሲያብብ፣ ወይም በሰኔና በሐምሌ ፍሬው ገና አረንጓዴ ሳለ፣ ሕመምተኛ የያዘ አባወራ ወደ ነጋዴ ይሄዳል። ነጋዴው ገንዘቡን ያኔውኑ ይቆጥርለታል። ቡናው ሲቀላ ግን ለቃሚው ባለቤቱ፣ ተረካቢው ነጋዴው ይሆናል።

ነገሩን በቁጥር ለማየት ለምሳሌ ያህል አንድ አባወራ በሰኔ ወር 100 ኪሎ እሸት ቡና በኪሎ 30 ብር ሒሳብ አስቀድሞ ሸጠ እንበል። 3,000 ብር ይቀበላል። በኅዳር ወር የአንድ ኪሎ እሸት ቡና ዋጋ 60 ብር ከሆነ ያስረከበው ቡና 6,000 ብር ያወጣል። ስለዚህ በአምስት ወር ውስጥ ለ3,000 ብር ሌላ 3,000 ብር ወለድ ከፍሏል ማለት ነው። ይህን የመሰለ ወለድ የሚጠይቅ ባንክም ሆነ የቁጠባና ብድር ማኅበር የለም። ነገር ግን ሕፃን ልጅ ትኩሳት ይዞት ሲያቃጥለው ስለ ወለድ የሚያስብ ወላጅ አይኖርም።

ጉዳቱ በዚህ አያበቃም። አስቀድሞ ቡናውን የሸጠ አባል በምርት ወቅት ለኅብረት ሥራ ማኅበሩ የሚያስረክበው ቡና አይኖረውም። ማኅበሩ ትርፍ ሲያከፋፍል አባሉ ባስረከበው መጠን ስለሚሰላ ድርሻው ይቀንሳል። ገቢው ስላነሰም በሚቀጥለው ዓመት በሰኔ ወር እንደገና ወደ ነጋዴው ይሄዳል። ከዚህም ከባሰ መሬቱን በወለድ አገድ ያስይዛል። በወለድ አገድ አበዳሪው ብድሩ እስኪመለስለት ድረስ የመሬቱን ምርት ይበላል። የጌዴኦ ዞን በገጠር የሕዝብ ጥግግት ከአገሪቱ ቀዳሚ ከሆኑት አንዱ በመሆኑ የአንድ ቤተሰብ ይዞታ አነስተኛ ነው። ከአነስተኛ መሬት ላይ ጥቂት የቡና እግር እንኳን በወለድ አገድ ሲሄድ ቀሪው ቤተሰቡን አይመግብም። በዚህ ዓይነት የአንድ ሳምንት ሕመም የብዙ ዓመት ድህነት ይሆናል።

ይህ ችግር ሥሩ ጥልቅ ነው። በጭሰኝነት ዘመን አርሶ አደሩ ከቡናው ላይ የባለርስቱን ድርሻ ከከፈለ በኋላ ለክፉ ቀን የሚያስቀምጠው ትርፍ አልነበረውም። በ1952 ዓ.ም. በሚጪሌ የተነሣው የጌዴኦ ገበሬዎች አመጽም መነሻው የዚሁ የቡና ምርትና የጭሰኝነት ግፍ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን ሲያስቀር አርሶ አደሩ የቡናው ባለቤት ሆነ። የሕመም ዕዳ ግን በአዋጅ አልተሻረም።

የሕክምና ክፍያ በየዘመኑ

በአገራችን የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ራሱን ችሎ የተቋቋመው በ1940 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዘመን ሆስፒታሎች ጥቂት፣ እነርሱም በትልልቅ ከተሞች የተወሰኑ ነበሩ። ለሕክምና አነስተኛ ክፍያ ይጠየቅ ነበር። ለገጠሩ ሕዝብ ግን ዋናው ጥያቄ ስለ ክፍያው ሳይሆን የሕክምና ተቋም ስለመኖሩ ነበር። አብዛኛው ሰው የሚታከመው በባህል ሐኪም፣ በወጌሻና በቅጠላ ቅጠል ነበር።

በደርግ ዘመን ጤና ጣቢያዎችና ክሊኒኮች ወደ ገጠር መስፋፋት ጀመሩ። በያኔው አጠራር በሲዳሞ ክፍለ ሀገር የጌዴኦ አውራጃ ነዋሪ የሆነ ችግረኛ ከገበሬ ማኅበሩ የነጻ ሕክምና ወረቀት አጽፎ ያለ ክፍያ ይታከም ነበር። ወረቀቱ ብዙ ሰው ረድቷል። ይሁን እንጂ ሁለት ጉድለቶች ነበሩበት። አንደኛ፣ ወረቀቱ ለችግረኛው ብቻ ሳይሆን አቅም ላለውና ከአመራሩ ጋር ለሚቀርበውም ይሰጥ ነበር። ሁለተኛ፣ ሕክምናው ነጻ ቢባልም መድኃኒት ከመደርደሪያ ሲያልቅ ሕመምተኛው ማዘዣውን ይዞ ወደ ግል መድኃኒት ቤት ይሄድ ነበር። በነጻ የተጻፈ ማዘዣ በገንዘብ ይገዛል።

ከመንግሥት ለውጥ በኋላ በ1986 ዓ.ም. አዲስ የጤና ፖሊሲ ወጣ። በ1990 ዓ.ም. ደግሞ የጤና አገልግሎት ፋይናንስ ስትራቴጂ ጸደቀ። በስትራቴጂው መሠረት የጤና ተቋማት ከሕሙማን የሚሰበስቡትን ገንዘብ ወደ ገንዘብ ቢሮ ከማስገባት ይልቅ በራሳቸው ይዘው መድኃኒት እንዲገዙበትና አገልግሎታቸውን እንዲያሻሽሉበት ተፈቀደ። የድሃ ድሃ የሆኑ ቤተሰቦች በማኅበረሰቡ ተለይተው ወጪያቸውን መንግሥት እንዲሸፍን ተደረገ። የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና፣ የክትባት፣ የቤተሰብ ምጣኔ፣ የወሊድና የመሳሰሉት አገልግሎቶች ለሁሉም ያለ ክፍያ እንዲሰጡ ተወሰነ። በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምም በየቀበሌው ሴት ባለሙያዎችን መድቦ የመከላከል ሥራን እስከ ደጃፍ አደረሰ።

እነዚህ እርምጃዎች ጤና ጣቢያዎችን አጠናክረዋል። ነገር ግን የድሃ ድሃም ያልሆነ፣ ባለጸጋም ያልሆነ፣ ማለትም አብዛኛው የኅብረት ሥራ ማኅበር አባል ከመካከል ቀረ። በሚታመምበት ቀን ከኪሱ አውጥቶ መክፈል ነበረበት። በአገር አቀፍ የጤና ሒሳብ ጥናት መሠረት በ2000 ዓ.ም. ከጠቅላላው የአገሪቱ የጤና ወጪ 37 በመቶ ያህሉ በቀጥታ ከሕሙማን ኪስ የተከፈለ ነበር። በ2009 ዓ.ም. ይህ ድርሻ ወደ 31 በመቶ ገደማ ወርዷል። መቀነሱ መልካም ቢሆንም አሁንም ከየሦስቱ ብር አንዱን ሕመምተኛው ይከፍላል ማለት ነው።

የሌሎች አገሮች ገበሬዎች ምን አደረጉ?

የሕመም ዕዳ የኢትዮጵያ ገበሬ ብቻ ችግር አይደለም። መንግሥት በሕግ ያቋቋመው የመጀመሪያው የሕመም መድኅን በ1883 እ.ኤ.አ. በጀርመን አገር በቢስማርክ ዘመን የታወጀው ሲሆን የተመሠረተውም ሠራተኞችና የእጅ ባለሙያዎች ቀድመው ባቋቋሟቸው የመረዳጃ ሣጥኖች ላይ ነበር።

ለገበሬ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የጃፓን ታሪክ ነው። ሙናካታ በተባለ አካባቢ የነበሩ ገበሬዎች ሩዝ አዋጥተው ለመንደሩ ሐኪም የሚከፍሉበት ጆሬ የሚባል ልማድ ነበራቸው። አቅም ያለው ብዙ፣ አቅም የሌለው ጥቂት ያዋጣል። ሲታመሙ ግን ሁሉም እኩል ይታከማሉ። የጃፓን መንግሥት በ1938 እ.ኤ.አ. የብሔራዊ ጤና መድኅን ሕግ ሲያወጣ ይህን የገበሬዎች ልማድ እንደ አርአያ ተመልክቶታል።

በካናዳም ታሪኩ የስንዴ ገበሬዎች ነው። ሳስካችዋን በተባለው የስንዴ አገር በ1914 እ.ኤ.አ. ሳርኒያ የምትባል አንዲት የገጠር ወረዳ ሐኪሟ ጥሏት እንዳይሄድ ከነዋሪዎች በተሰበሰበ ገንዘብ በዓመት 1,500 ዶላር ልትከፍለው ተስማማች። ሌሎች ወረዳዎችም ይህን ተከተሉ። በጠንካራ የኅብረት ሥራ ማኅበራት የታወቀው ይህ ሕዝብ በ1944 እ.ኤ.አ. ቶሚ ዳግላስን መሪው አድርጎ መረጠ። ዳግላስ በልጅነቱ እግሩ በአጥንት ሕመም ተመርዞ ሊቆረጥ ሲል አንድ ሐኪም ለተማሪዎቹ ማስተማሪያ በማድረግ በነጻ አክሞ አድኖታል። ዳግላስም የአንድ ልጅ እግር በሐኪም ቸርነት ላይ መንጠልጠል የለበትም ብሎ ያምን ነበር። በ1947 እ.ኤ.አ. የሆስፒታል መድኅን፣ በ1962 እ.ኤ.አ. ደግሞ የሐኪም አገልግሎትን ጨምሮ ሁሉን አቀፍ መድኅን በሳስካችዋን ተጀመረ። በመጀመሪያ ሐኪሞች ተቃውመው ለሦስት ሳምንታት ሥራ ቢያቆሙም አሠራሩ ጸንቶ መላው ካናዳ ተቀበለው።

በአፍሪካም ሩዋንዳ በ1999 እ.ኤ.አ. በሦስት ወረዳዎች የጀመረችውን የጤና መረዳጃ ማኅበር ከ2004 እ.ኤ.አ. በኋላ በመላ አገሪቱ አስፋፍታለች። ከእነዚህ ታሪኮች የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው። መድኅን ሥር የሰደደው ሕዝቡ በራሱ ማኅበር መዋጮን ለምዶ በቆየበት ቦታ ነው።

የጤና መድኅን በኢትዮጵያ

በአገራችን የጤና መድኅን ስትራቴጂ በ2000 ዓ.ም. ተዘጋጀ። ሁለት መንገዶችን ይዟል። የመጀመሪያው ደመወዝ ለሚከፈላቸው ሠራተኞች የታሰበው ማኅበራዊ ጤና መድኅን ሲሆን በአዋጅ ቁጥር 690/2002 ተደንግጓል። ሠራተኛው ከደመወዙ 3 በመቶ፣ አሠሪው 3 በመቶ እንዲያዋጡ ቢወሰንም አፈጻጸሙ ከሠራተኞች በተነሣ ቅሬታና በሌሎች ምክንያቶች በተደጋጋሚ ተራዝሟል። ሁለተኛው ለአርሶ አደሩና በግሉ ሠርቶ ለሚያድረው የታሰበው ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን ነው። በዚህ ረገድ አርሶ አደሩ ከደመወዝተኛው ቀድሟል ማለት ይቻላል።

ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን በ2003 ዓ.ም. በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በያኔው ደቡብ ክልል በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀመረ። ከደቡብ ክልል የተመረጡት ዳምቦያ፣ ዳሞት ወይዴና ይርጋለም ነበሩ። ይርጋለም ለጌዴኦ ሕዝብ ጎረቤት በመሆኗ የመድኅኑ ወሬ ከመንግሥት መግለጫ በፊት በገበያተኛና በመንገደኛ በኩል ለመሰማት ዕድል ነበረው። በሙከራው ማብቂያ ላይ በ13ቱ ወረዳዎች አባል መሆን ከሚችሉት ቤተሰቦች ግማሽ ያህሉ ገብተው ነበር። በሙከራ ወረዳዎቹ በተደረጉ ጥናቶችም አባል የሆኑ ቤተሰቦች ሲታመሙ ወደ ጤና ተቋም ቶሎ የመሄድ ልማዳቸው ጨምሮ፣ ብድር ውስጥ የመግባታቸው ነገር ደግሞ ቀንሶ ተገኝቷል። ከዚያ ወዲህ አሠራሩ ወደ አብዛኞቹ የአገሪቱ ወረዳዎች ሲስፋፋ የጌዴኦ ዞንም ከእነዚህ ጋር ገብቷል።

አሠራሩ ከዕድር ብዙ አይርቅም። አባልነቱ በግለሰብ ሳይሆን በቤተሰብ ነው። ቤተሰቡ በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮ ይከፍላል፣ መታወቂያ ይወስዳል። ሲታመም በቅድሚያ በአቅራቢያው ወዳለው ጤና ጣቢያ ይሄዳል። ሕመሙ ከጤና ጣቢያው አቅም በላይ ከሆነ በሪፈር ወረቀት ወደ ሆስፒታል ይላካል። ሒሳቡን የሚከፍለው ሕመምተኛው ሳይሆን የወረዳው የመድኅን ቋት ነው። መክፈል የማይችሉ የድሃ ድሃ ቤተሰቦች መዋጮ በመንግሥት ይሸፈናል። ከዚህ ሌላ የፌዴራል መንግሥት አባላት ባዋጡት ላይ በመጀመሪያ 25 በመቶ፣ ኋላም ወደ 10 በመቶ ዝቅ ያለ ድጎማ ይጨምራል።

በዕድርና በመድኅን መካከል ያለው ልዩነት የመንደሩ ሣጥን የወረዳ ቋት መሆኑ ነው። ዕድር የሚሸከመው ጥቂት መቶ ቤተሰብ ሲሆን ቋቱ የሚሸከመው በሺህ የሚቆጠር ነው። ከዕድር የቀረው ክፍተት የተደፈነውም በዚህ ነው።

ቋቱ እንዴት ይሞላል፣ እንዴት ይደርቃል?

የመድኅን ጥቅም በንግግር ሳይሆን በሒሳብ የሚታይ ነው። ለምሳሌ ያህል በአንድ ቀበሌ 1,000 ቤተሰቦች እያንዳንዳቸው በዓመት 600 ብር አዋጡ እንበል። ቋቱ 600,000 ብር ይይዛል። በዓመቱ ውስጥ 250 ቤተሰቦች ታመው ለእያንዳንዳቸው በአማካይ 2,000 ብር ወጪ ቢሆን 500,000 ብር ይከፈላል። 100,000 ብር ለሚቀጥለው ዓመት ይተርፋል።

አሁን ደግሞ ጤነኞቹ «እኛ አልታመምንም፣ ለምን እንከፍላለን» ብለው ቢቀሩና 300 ቤተሰቦች ብቻ ቢገቡ ቋቱ 180,000 ብር ብቻ ይይዛል። የሚገቡት ደግሞ በአብዛኛው ሕመምተኛ ያለባቸው ስለሚሆኑ ከ300ው ውስጥ 200ው ቢታከሙ ወጪው 400,000 ብር ይደርሳል። ቋቱ 220,000 ብር ይጎድለዋል። ጤና ጣቢያው ሒሳቡ በወቅቱ አይከፈለውም። ያልተከፈለው ጤና ጣቢያ መድኃኒት መግዛት አይችልም። መድኃኒት ያጣ አባል «መታወቂያ ይዤ ከውጭ እንድገዛ ተደረግሁ» ብሎ በሚቀጥለው ዓመት አያድስም። ቋቱ የሚደርቀው በዚህ መንገድ ነው።

ከአባላት በየቦታው የሚነሡት ቅሬታዎች ችላ ሊባሉ አይገባም። የመድኃኒት እጥረት አለ። አንዳንድ ባለሙያ መታወቂያ ለያዘ ሕመምተኛ ጥሬ ገንዘብ ለያዘው የሚያሳየውን ፊት አያሳይም የሚል ወቀሳ ይሰማል። የድሃ ድሃ ምልመላ ላይ አድልዎ አለ የሚል ጥያቄ ይነሣል። ይህ ጥያቄ በደርግ ዘመን በነጻ ሕክምና ወረቀት ላይ ከተነሣው ጋር አንድ ዓይነት ነው። መዋጮውም የኑሮ ውድነቱን ተከትሎ ከዓመት ዓመት ጨምሯል። መድኅኑ የማይሸፍናቸው ወጪዎችም አሉ። የትራንስፖርት፣ የአስታማሚ ምግብና ሕመምተኛው ሳይሠራ የቀረበት ቀን ዋጋ ከኪስ የሚወጣ ነው። ስለዚህ መድኅን ዕዳን ያቀላል እንጂ ሙሉ በሙሉ አያጠፋም። ይህን በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። ከሚገባው በላይ ተስፋ የተሰጠው አባል ከሁሉ ቀድሞ ይሸሻልና።

የኅብረት ሥራ ማኅበር ድርሻ

የዚህ በዓል መታሰቢያ መጽሔት አንባቢዎች የሆኑት አባላት የመድኅንን አሳብ ከሌላው ይበልጥ ያውቁታል። የይርጋ ጨፌ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ዩኒየን በ1994 ዓ.ም. ሲቋቋም ጊዜው የዓለም የቡና ዋጋ እጅግ የወደቀበት ነበር። እያንዳንዱ አርሶ አደር ለብቻው ከነጋዴ ጋር ሲደራደር የተሸነፈበትን ገበያ በአንድነት ተቋቋመው። ከዚያ በፊት የወጣው የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147/1991 ማኅበራት ከተጣራ ትርፋቸው 30 በመቶውን ለመጠባበቂያ እንዲይዙ ደንግጎ ነበር። መጠባበቂያ ማለት በደህና ቀን ለክፉ ቀን ማስቀመጥ ነው። መድኅንም ከዚህ የተለየ ትርጉም የለውም።

በመሆኑም ማኅበራት ከወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ጋር ተባብረው ቢሠሯቸው የሚጠቅሙ ነጥቦች የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፣ የመዋጮ መሰብሰቢያ ጊዜ ከቡና ጊዜ ጋር ይጣጣም። የጃፓን ገበሬዎች የከፈሉት በሩዝ ነበር፤ የጌዴኦ ገበሬም የሚቀለው ቡናው በእጁ ሳለ መክፈል ነው። በሰኔ የሚጠየቅ መዋጮ አባሉን ቡናውን በአበባው እንዲሸጥ ከሚያስገድዱት ምክንያቶች አንዱ ይሆናል። በታኅሣሥና በጥር የሚጠየቅ መዋጮ ግን ከዚህ ያድነዋል።

ሁለተኛ፣ የትርፍ ክፍፍል በሚደረግበት ዕለት ፈቃደኛ የሆነ አባል በፊርማው አረጋግጦ መዋጮው ከድርሻው ተቀንሶ ለመድኅኑ ገቢ ይሁን። ይህ አባሉን ከመመላለስ፣ ሰብሳቢውንም ከቤት ወደ ቤት ከመዞር ያድናል። ይሁን እንጂ ያለ አባሉ ፈቃድ መቀነስ ተገቢ አይደለም። የኅብረት ሥራ መሠረቱ ፈቃደኝነት ነውና።

ሦስተኛ፣ ጠቅላላ ጉባኤው ከማኅበራዊ አገልግሎት በጀት ለአረጋውያን፣ ባላቸው ለሞተባቸው ሴቶችና ወላጅ ለሌላቸው ልጆች መዋጮ መክፈል ይችላል። ለውሃና ለትምህርት ቤት የሚመክር ጉባኤ ለዚህም ሊመክር ይገባል። ሴቶች በጉባኤው ሊደመጡም ያስፈልጋል። በቤት ውስጥ ሕመምተኛ የሚያስታምሙት፣ የመድኃኒት ዋጋም ከማንም በላይ የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና።

አራተኛ፣ መድኅኑ የማይሸፍነውን የመጓጓዣና የአስታማሚ ወጪ የገንዘብ ቁጠባና ብድር ማኅበራት በአነስተኛ ወለድ ብድር ቢደግፉ አባሉ ወደ አራጣ አበዳሪ አይሄድም።

አምስተኛ፣ የወረዳ አመራርና የጤና ተቋማት የቋቱን ገቢና ወጪ በዓመት አንድ ጊዜ በአባላት ፊት በግልጽ ያቅርቡ። የዕድር ዳኛ ሒሳብ ሳያሰማ ዓመት አያልፍም። የመድኅን ቋትም እንዲሁ መሆን አለበት። የተሰበሰበው ስንት ነው፣ የታከመው ስንት ሰው ነው፣ የጎደለው መድኃኒት የትኛው ነው የሚለውን አባሉ ሲያውቅ ቅሬታው ወደ ሐሜት ሳይሆን ወደ መፍትሔ ይሄዳል።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደታየው የጌዴኦ አርሶ አደር በእንሰቱ ረሃብን፣ በደቦው የጉልበት እጥረትን፣ በዕድሩ የቀብርን ወጪ፣ በኅብረት ሥራ ማኅበሩ ደግሞ የገበያን ጫና ተቋቁሟል። ለረጅም ዘመን ያለ ማኅበር ብቻውን ሲጋፈጠው የኖረው አንዱ የሕመም ወጪ ነበር። የጤና መድኅን ይህን ጎዶሎ ለመሙላት የመጣ ነው። ገና ብዙ ጉድለት አለበት። ነገር ግን ጉድለቱ የሚስተካከለው አባላት በመውጣታቸው ሳይሆን ገብተው በመጠየቃቸው ነው።

አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። እሳቱ ትንሽ ሳለ በቅጠል መትቶ ማጥፋት ይቻላል፤ ከተቀጣጠለ በኋላ ግን ጎርፍም አይበቃውም። የዛሬው የጪጩ ወላጅ ልጁ ሲታመም ቀድሞ የሚያስበው ስለ ልጁ እንጂ በማሳው ላይ ስላለው አረንጓዴ ፍሬ እንዳይሆን፣ ቡናው በአበባው ሳይሆን በቀይ ፍሬው ለማኅበሩ እንዲደርስ፣ መዋጮው የሚከፈለው ቤቱ ጤና በሆነበት ቀን ነው።

ጤናና በረከት ለጌዴኦ አርሶ አደር! መልካም በዓል!